ያልመጣው አጥቂ
በጣና ዳርቻ ስለሚገኝ የደጋፊ ዕውቀት የተደረገ ጥናት

የአጥቂ ዕድሜ በሁለት ይከፈላል፤ ከመፈረሙ በፊት ያለውና ከፈረመ በኋላ ያለው። በመጀመሪያው ዘመን ሁለቱም እግሩ ይሠራል፣ ቴስታው አይስትም፣ ሲሮጥ የመስመር ዳኛው እንኳ አይደርስበትም። በሁለተኛው ዘመን ሰው ይሆናል። ይህ ጥናት የሚመለከተው የመጀመሪያውን ዘመን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ለአሠልጣኞች ትተናል፤ ደሞዝ የሚበሉት ለዚያ ነውና።

ጥናቱ የተካሄደው ባሕር ዳር ነው። ከተማዋ የተመረጠችው አጥኚው እዚያው ስለሚገኝ ነው። ይሁንና ለዘርፉ የሚስማማ ሌላ ጠባይም አላት። ባሕር ዳር «የጣና ሞገዶቹ» የሚባል ክለብ አላት፤ ትልቅ ስታዲየምም አላት፤ ሁለቱ ግን ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ኖረዋል። የደጋፊን ዕውቀት ከሚታይ ነገር ነጥሎ ለማጥናት ከዚህ የተመቸ አጋጣሚ አይገኝም።

መረጃው የተሰበሰበው ሰው ተቀምጦ ከሚጠብቅባቸው ቦታዎች ነው። በሐይቁ ዳር ያሉት ዓሣ ቤቶች ቀዳሚውን ስፍራ ይዘዋል። ቀረሶው ተጠብሶ እስኪቀርብ ድረስ ያለው ጊዜ ረጅም ስለሆነ ከዚያ የሚገኘው አሰላለፍ ብዙ ጊዜ ሙሉ ነው፤ ተቀያሪዎቹም ጭምር ተሟልተው ይቀርባሉ። ፀጉር ቤቶችም ታይተዋል። በፀጉር ቤት የተገኘው ሐሳብ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ቢሆንም ተዓማኒነቱን እንጠራጠራለን፤ ምላጭ አንገቱ ላይ ያረፈበት ሰው ስለ ግራ ተከላካይ አይከራከርም።

ዋናው የዕውቀት ምንጭ ግን ባጃጅ ነው። የባጃጅ ሾፌር ጀርባውን ሰጥቶ ስለሚያስተምር ተማሪው ፊቱን አይቶ አያፍርም፤ ትምህርቱም ሒሳብ እስኪከፈል ድረስ ማለቅ አለበት። ከፓፒረስ ተነስቶ አባይ ማዶ ለሚሄድ ተሳፋሪ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። እስከ ድልድዩ ድረስ ያለፈው ጨዋታ ይገመገማል። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ይህ መሐል ሜዳውን አፍርሶ እንደገና ለማዋቀር ይበቃል። ድልድዩ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ስለ አጥቂ ነው። አጥኚው የጥናቱን መሠረት ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

«አንድ ልጅ አለ» አለ ሾፌሩ።

«የት?»

«ቻግኒ። ጉድ ነው የሚሉት። እሱ ቢመጣ ዘንድሮ ያለቀለት ነገር ነበር።»

«አይተኸዋል?»

«ኧረ የት አይቸው ጋሼ! አይቸውማ ቢሆን ኖሮ እንዲህ እርግጠኛ አልሆንም ነበር።»

ስለ ዕውቀት ምንነት ብዙ ተጽፏል፤ እንዲህ ባጭሩ ያስቀመጠው ግን አላጋጠመንም። ሾፌሩ የተናገረው የዘርፉ የመጀመሪያ ሕግ ነው፦ እርግጠኝነት የሚጸናው ማየት እስኪመጣ ድረስ ነው። ልጁ ሜዳ ላይ በታየ ጊዜ ይስታል፣ ይወድቃል፣ ኦፍሳይድ ይገባል። ባልታየ ጊዜ ግን አንድም ኳስ ስቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ሕግ ርቀትን ይመለከታል። በቀበሌ 14 ሜዳ የሚጫወት ወጣት በየሳምንቱ ቢያገባ እንኳ «ይሞክራል» ነው የሚባለው። እናቱን እናውቃታለን፤ ባለፈው ዓመት ማትሪክ መውደቁንም እናውቃለን፤ እናቱ የምትታወቅ ሰው እንዴት ዘጠኝ ቁጥር ይሆናል? ከቻግኒ የሚመጣው «ተስፋ አለው»። ከአርባ ምንጭ የሚመጣው «ኳሱ እግሩ ላይ የተሰፋ ነው»። ከጋና ከመጣ ደግሞ ጋናዊ መሆኑ ራሱ ሙሉ ሪፖርት ነው፤ ሌላ የሚጨመርበት ነገር የለም። ሕጉን የሚያፈርስ አንድ ቦታ ብቻ ተገኝቷል፤ እሱም ጎንደር ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ስለወሰደ የጎንደርን ተጫዋች «አላየንም» ማለት አይቻልም። ስለዚህ «ጥሩ ነው፤ ግን ለእነሱ አጨዋወት ነው የሚሆነው» የሚል የተለየ ብያኔ ተዘጋጅቶለታል።

አሁን ወደ ክለቡ ታሪክ እንግባ፤ ቶሎም እንወጣለን። ባሕር ዳር ከተማ በጳውሎስ ጌታቸው አሠልጣኝነት በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። ከእሱ በኋላ ፋሲል ተካልኝ፣ አብርሃም መብራቱና ደግአረገ ይግዛው በየተራ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት አንድ ያልተለወጠ ነገር አለ፦ መሰለፍ የነበረበት ልጅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር። ማን እንደሆነ ይለያያል። ዛሬ ወንበር ላይ ስለሆነ ጎበዝ የተባለው በሚቀጥለው ሳምንት ገብቶ ከተጫወተ ጉብዝናው እሱ እንዲገባ ለወጣው ሰው ይተላለፋል። በዚህም የተጠባባቂ ወንበር በመጣና ባልመጣ መካከል ያለ ስፍራ መሆኑ ተረጋግጧል። ሰውየው ከተማው ውስጥ አለ፣ ማሊያም ለብሷል፣ ለጥናታችን ዓላማ ግን ገና አልመጣም።

የ2015 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የተለየ ማስታወሻ ይገባዋል። ክለቡ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫም ለመሳተፍ በቃ። የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ጥሎ ካለፈ በኋላ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሰናበተ። በአምስት የሊግ ዓመታት ውስጥ እዚህ መድረስ ቀላል አይደለም፤ አጥኚው እንደ ግለሰብ ደስ ብሎታል። በደጋፊው ምሁራን ዘንድ ግን ስለ ሁለተኛነቱ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተፈጥረዋል። አንደኛው «አንድ አጥቂ ጎድሎን ነው» ይላል። ሁለተኛውም ይህንኑ ይላል፤ ልዩነቱ ጠረጴዛ እየመታ መሆኑ ነው።

ተቃዋሚ ሊኖር እንደሚችል እናውቃለን። መጥቶም፣ ታይቶም፣ ያገባ አጥቂ የለም ወይ? አለ። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። እነዚህ 29 ጎሎች ተቆጥረዋል፤ በቴሌቪዥንም ታይተዋል። አንድ የዓሣ ቤት ምሁር ግን ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። «ባሕር ዳር ቢሆን አርባ ያገባ ነበር» አሉን፤ ቀጥለውም ሎሚ ጠየቁ። የመጣው አጥቂ ወደዚህ ስላልመጣ እሱም በሕጉ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስለ ደሞዝ ነገርም እዚሁ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። በ2011 ክረምት ክለቦች ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ይህን ጣሪያ ስለማክበሩ በሙሉ ልብ የምንመሰክርለት ያልመጣው አጥቂ ብቻ ነው።

የዘርፉን ሕልውና ያናጋው ቀን ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን አስተናገዱ። እንግዶቹ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ አገቡ፤ ዓሣ ቤቱ «ብለን ነበር» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገ። ሱራፌል ያኔ የፋሲል ከነማ ልጅ ነበር፤ ያም ሆኖ ባሕር ዳር ቆሞ አጨበጨበ፤ «ለእነሱ አጨዋወት» የሚለው ብያኔ ለአንድ ቀን ታገደ። ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨመረ፤ ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። ሁሉም ነገር የተፈጸመው በዓይን እየታየ ነው። የተጫወቱት የመጡት ናቸው፤ ያገቡትም የመጡት ናቸው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በከተማው የሐሳብ ድርቅ ታይቷል። ባጃጆች ውስጥ ስለ ኑሮ ውድነት ማውራት ተጀመረ። የሰው ልጅ ግን መላ አያጣም፤ ብዙም ሳይቆይ አንድ የፀጉር ቤት ባለሙያ መፍትሔውን አገኘው። «እንትና ተቀይሮ ቢገባ ኖሮ አራት ይሆን ነበር።» እንትና ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ስምምነት የለም፤ ትምህርቱ ግን ዳነ። በመጋቢት 2013 በዚያው ሜዳ ማዳጋስካር 4 ለ 0 ስትሸነፍ ነገሩ ይበልጥ ተጣራ፤ «አራት አላልኩም?» ያሉት ሰዎች ስለ ሌላ ቡድንና ስለ ሌላ ቀን ተናግረው እንደነበር ማንም አላነሳባቸውም። ዋልያዎቹ በዚያ ማጣሪያ ካሜሩን ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አለፉ።

ቀጥሎ የመጣውን ወቅት አንዳንዶች የሐዘን ዘመን ይሉታል። በጥናቱ ቋንቋ ግን ወርቃማው ዘመን ነው። በመስከረም 2014 መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር ላይ 3 ለ 1 አሸንፋ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳው መስፈርቴን አያሟላም አለ። በዚያው ኅዳር ዋልያዎቹ ጋናን «በሜዳቸው» ያስተናገዱት ጆሃንስበርግ ነው። በሰኔ ግብፅን 2 ለ 0 የረቱት ማላዊ ውስጥ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ያን የግብፅ ድል ጣና ዳር ሆኖ ያየ ሰው በስክሪን ነው ያየው፤ እናም አንድ አስገራሚ ነገር ተመዝግቧል። ሜዳው ርቆ በሄደ ቁጥር የደጋፊው ዕውቀት እየጠራ ሄደ። ስታዲየም ውስጥ ሳለ ፊቱ ያለው ሰው ሲቆም እየተከለለበት ግማሹን የሚያጣ ሰው አሁን ከሊሎንግዌ የሣሩን እርጥበት ሳይቀር ይናገራል።

የክለቡም ዕጣ ከዚህ አልራቀም። ሊጉ ዙሩን በተመረጡ ከተሞች እያዞረ ስለሚያካሂድ ባሕር ዳርም ተራዋ ሲደርስ ታስተናግድ ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ግን በክልሉ በነበረው ሁኔታ ምክንያት ተራው ቀረ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተዘጋ። ሞገዶቹ የሜዳቸውን ጨዋታ አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ሄደው ሲጫወቱ ውጤቱ በዲኤስቲቪ ቤት በኩል ይመጣ ነበር። ጨዋታው የማይተላለፍ ከሆነ ወይም መብራት ከጠፋ በስልክ ነበር፤ አዳማ ዘመድ ያለው ሰው በዚያ ወቅት ከቀበሌ ሊቀ መንበር በላይ ይከበር ነበር። ዘመድየው የሚናገረው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ከስልኩ ወጥተው ጀበና ቡናው ጋ ሲደርሱ ሪጎሬው በየት በኩል እንደተመታ ይታወቃል፤ ፀጉር ቤት ሲደርሱ የበረኛው ስሕተት ከልጅነቱ ጀምሮ ይብራራል።

አንባቢ ልብ ይበል፤ እስከዚህ ድረስ ያልመጣው አንድ አጥቂ ነበር። አሁን ያልመጣው አሥራ አንዱም ተጫዋች፣ አሠልጣኙም፣ ወጌሻውም ነው። ከተማዋ ከነተቀያሪው ያልመጣ ቡድን ባለቤት ሆነች። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ሀብት ያላቸው ደጋፊዎች ጥቂት ናቸው፤ ይህን ሀብት ማንም ሲመኘው ግን አልሰማንም።

ከውጭ አገር ጋር ማነጻጸር የጥናት ወግ ነውና ስለ እንግሊዝ ጥቂት እንበል። የባሕር ዳር አርሰናል ደጋፊ ለብዙ ዓመታት ዘጠኝ ቁጥር ሲጠብቅ ኖሯል። በሐምሌ 2017 ክለቡ ቪክቶር ዮኬሬሽን ከፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ አስፈረመ። ደስታው ታላቅ ነበር። ሰውየው ግን ማሊያ ሲሰጠው የለበሰው 14 ቁጥር ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ቁጥሩ ገና አልመጣም የሚለው አቋም ያለ አንዳች ጭረት ቀጥሏል። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችን በተመለከተ፣ አሌክስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ጡረታ ከወጡ ወዲህ እነሱ የሚጠብቁት ያልመጣ አሠልጣኝ ስለሆነ ጉዳያቸው ለሌላ ክፍል ተመርቷል።

ከሁሉ የገረመን አሜሪካ ናት። እዚያ «ፉትቦል» የሚሉት በእጅ የሚጫወቱትን ነው፤ ይሁን። በዚያ ጨዋታ ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረውና ቡድኑን የሚመራው ሰው ኳርተርባክ ይባላል፤ የእኛ ዘጠኝ ቁጥር የሚሸከመውን ተስፋ እዚያ የሚሸከመው እሱ ነው። ክለቦቹ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ተሰብስበው ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ወጣቶች በተራ ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት ከሁሉ የባሰው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። አሜሪካኖች የእኛን «አንድ ልጅ አለ» የመንግሥት በዓል አስመስለው፣ መድረክ ሠርተው፣ በቴሌቪዥን ያከብሩታል። ሥርዓቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ተመራጭ ጄይ ቤርዋንገር ይባላል፤ የዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ ሰው ነበር። ይህ የመጀመሪያው ምርጥ በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በደሞዝ ሳይስማሙ ቀርተው ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። አንድም ኳስ አልተነጠቀም፣ አንድም ቀን አልተሰደበም። የዘርፋችን አባት ሆኖ እንዲመዘገብ ሐሳብ እናቀርባለን። በሌላ በኩል ቶም ብራዲ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2000 በ199ኛ ተራ ተመርጦ ሰባት ዋንጫ በላ። ይህን ለዓሣ ቤቱ ምሁር ስንነግራቸው አልተደነቁም። «199ኛ የሆነው ሰው ስላየው ነዋ!» አሉ።

የአሜሪካኑን ሥርዓት ለእኛ ሊግ ማዋል ይቻል እንደሆነ የባጃጁን ሾፌር ጠየቅነው። ቻግኒ ያለው ልጅ በዕጣ የሚደርስ ከሆነ ጥሩ ነው አለ። መጀመሪያ የሚመርጠው ከሁሉ የባሰው ቡድን መሆኑን ስንጨምርለት ግን ሞተሩን አቀዘቀዘ።

«ታዲያ ማን ነው ደካማው እኔ ነኝ ብሎ የሚሰለፍ?»

መልስ አላገኘንለትም። ሊጉን ወርዶ የጨረሰ ቡድን እንኳ ደጋፊው ዘንድ ደካማ አይደለም፤ አንድ አጥቂ የጎደለው ነው።

በመጨረሻ ከደጋፊው አንደበት ውጭ የሆነ አንድ ማስረጃ ይቀረናል፤ እሱም የውርርድ ትኬት ነው። አሁን በየመንደሩ የውርርድ ቤት አለ፤ ወጣቱ ከሥራ ወጥቶ ትኬት ይቆርጣል። ትኬት ከአስተያየት የሚለየው ብር ስለሚያስከፍል ነው። ለጥናቱ ሲባል ሾፌሩ ለዚያ ሳምንት የቆረጠውን ትኬት እንዲያሳየን ለመንነው። በፊት ለፊቱ መስታወት ካጣበቀው የመድኃኔዓለም ሥዕል ጀርባ አውጥቶ ሰጠን። ከድልድዩ እስከ አባይ ማዶ ድረስ ሞገዶቹ በሰፊ ጎል እንደሚያሸንፉ ሲያስረዳን ነበር። ትኬቱ ላይ ግን አቻ ነው የሚለው።

«ምነው?» አልነው።

«ትኬቱ እኮ የዚህ ሳምንት ነው ጋሼ» አለ። «ልጁ የሚመጣው በአጋማሹ ዝውውር ነው።»